በሰማንያ ቀኗ የታወቀችው ወፍ

እኔ ከወፍ ዘር ጋር የነበረኝ ትውውቅ በዶሮ ወጥ በኩል ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ዶሮዋ ተገነጣጥላ፣ በሎሚና በጨው ታሽታ ካበቃች በኋላ ነው። በቁሟ ሳለች ክንፏን ገልጦ፣ ደረቷን ዳብሶ፣ ቄብ ትሁን አሮጊት ለይቶ መግዛት የእናቴ ሙያ ነበር፤ እኔ ከኋላዋ ዘንቢል ይዤ እቆማለሁ። ታዲያ ያቺ ዘንቢል ያዥ ባሕር ተሻግራ፣ ኩዌት ገብታ፣ ሱራ በሚባል ሰፈር የአንድ ሽማግሌ ወፎችን ወንድና ሴት እንድትለይ ተሾመች ብላችሁ ብታወሩ ማን ያምናችኋል? እኔ ራሴ ያመንኩት ከተሾምኩ በኋላ ነው።

ጥፋቱ የአንዲት ቃል ነው። አዲስ አበባ ላይ የላከን ደላላ የሰጠን ትምህርት ከምሳ በፊት ያለቀ ነበር። «ምንም ቢጠይቋችሁ አይዋ በሉ» አለን፤ አዎ ማለት ነው። ልብስ መተኮስ ታውቂያለሽ? አይዋ። ሕፃን ማጠብ? አይዋ። የዓሣ ሩዝ? አይዋ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ተረት እኛ ጋ አልሠራም፤ ጠምጥመን ነው አውሮፕላን ላይ የወጣነው። አንድ ቀን እዚያው ኩዌት ባሕሩ ዳርቻ ላይ አሠሪዬ ማዳም «ዋና ትችያለሽ?» ብላኝ እንደ ልማዴ አይዋ አልኩና ልጆቿን እንድጠብቅ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ልጆቹ ጎትተው አወጡኝ። እግዜር ይስጣቸውና ለእናታቸው አልተናገሩም።

ማዳም አስተማሪ ነበረች፤ ፈጣን፣ ንጹሕ፣ ክፋት የሌላት ሴት። አባቷ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ከእሷ ጋር ሊኖሩ የመጡት ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ከዘራና አንድ ሠራዊት ወፍ ይዘው ነው። እኛ ባባ ከቢር እንላቸዋለን፤ ትልቁ አባት ለማለት። ለወፎቹ ግቢው ውስጥ፣ ሖሽ በሚሉት ቦታ፣ በሽቦ የታጠረ ቤት ተሠራላቸው። እኔ ከምተኛበት ክፍል ይሰፋል። ይህን የምለው በቅሬታ አይደለም፤ እነሱ ብዙ ናቸው፣ እኔ አንድ ነኝ።

ወፎቹን ፊንች ይሏቸዋል። አውራ ጣት ቢያክሉ ነው። ያደገው ወንድ ጉንጩን ብርቱካንማ የተቀባ፣ ጉሮሮው ሥር እንደ ሜዳ አህያ የተሸነተረ፣ ጎኑ ላይ ነጠብጣብ ያለው፣ ባጠቃላይ ለሠርግ የተሰናዳ ነው። ሴቷ አመድማ፣ ረጋ ያለች፣ ጌጥ የሌላት ናት። ትልልቆቹን ሕፃን ልጅም ይለያቸዋል። ጉዱ ጫጩቶቹ ላይ ነው። ወንዱም ሴቷም እናታቸውን ለብሰው ነው የሚያድጉት፤ ሁሉም አመድ፣ ሁሉም ጥቁር ምንቃር፣ ሁሉም ገና ዛሬ ትምህርት ቤት እንደገባ ተማሪ አፉን ከፍቶ የሚያይ።

አሁን ስለ ጽጌ ልንገራችሁ፤ ያለ ጽጌ ይህ ጣጣ አይመጣም ነበር። ጽጌ የሰፈሬ ልጅ ናት፣ አብረን ነው የመጣነው። እሷ ኮንትራቷን ጨርሳ፣ ሾፌር የሆነ ያገራችንን ልጅ አግብታ ሚርቃብ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የፊንቾቹ ጫጩቶች በተፈለፈሉበት ሳምንት እሷም ሴት ልጅ ወለደች። ያን ቀን ደውላ «የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ማድቤት ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ እናቴ ሩቅ፤ ድንገት ግን እስከ ዕለተ ሞቴ ልጄ የምላት ሰው ተሰጠችኝ።

ጽጌ በዚያው ስልክ አንድ ቅሬታ ነገረችኝ። ልጅቱ ስትወለድ ጓደኞቻችን እልል ሊሉ ሲሉ የሆስፒታሉ ነርሶች ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሁሉንም አስወጧቸው። በእኛ አካባቢ ደንብ ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ስለዚህ ልጅቱ ሦስት እልልታ እንደሚቀራት ተነግሮ፣ ለክርስትናዋ ቀን ተቀጠረ።

እንግዲህ በእኛ በኦርቶዶክሶቹ ሥርዓት ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። የልጅቱ ሰማንያ ሲቆጠር ጁምዓ ላይ ዋለ፤ ለእኛ ጸሎት የሚፈቀድልንም ጁምዓ ጠዋት ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ የሌሎች ክርስቲያኖች ነውና በተራ ነው የምንጠቀመው። ሁሉም ነገር ተመቻቸ፤ እኔ ከቤት መውጣት ብቻ ቀረኝ። እኔ ደግሞ ከመጣሁ ጀምሮ ያለ ማዳም ከግቢው በር አልፌ አላውቅም። ጁምዓውን ካላገኘሁ ልጅቱን ሌላ ሴት ታነሳታለች። ካህኑ እኔን ብለው አይጠብቁም።

ማዳምን ጠየቅኋት። «ኢንሻአላህ» አለችኝ። በዚያ ቤት ኢንሻአላህ ሁለት ዓይነት ነበር። ረዥሙ «አይሆንም» ማለት ነው። አጭሩ «አይሆንም፣ ደግመሽም እንዳትጠይቂኝ» ማለት ነው። የደረሰኝ አጭሩ ነበር። አልፈርድባትም፤ የጎረቤቷ ሠራተኛ አንድ ጁምዓ ወጥታ በዚያው ቀርታለች፣ እሷንም ያ አስፈርቷት ነው።

ባባ ከቢር ቁርስ እየበሉ ሰምተው ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ሖሹ ውስጥ አስጠሩኝና ጭንቀታቸውን አጫወቱኝ። ባለፈው ዓመት ለወዳጃቸው ለአቡ ፈሃድ ጥንድ ፊንች ስጦታ ሰጥተው ነበር። ጥንዱን የመረጠላቸው ራይ በሚባል ሰፈር የጁምዓ ገበያ ያለ አንድ ወፍ ሻጭ ነው፤ አንዷ ሴት መሆኗን በእናቱ ምሎላቸዋል። ሁለቱም ወንድ ሆነው ተገኙ። ዲዋኒያው ውስጥ፣ ወንዶቹ ማታ ማታ ሻይ እየጠጡ በሚጫወቱበት ክፍል፣ ዓመቱን ሙሉ ሲሳቅባቸው ከረመ። «ባባ ከቢር ያጋባው ሁሉ ይፈታ» እየተባለ። ዘንድሮ ከራሳቸው ጫጩቶች እውነተኛ ጥንድ ሰጥተው ስማቸውን ሊያነሱ ፈልገዋል። ዐይናቸውን ግን ሞራ ጋርዶታል። ወንዱ ብቻ እንደሚዘምር ያውቃሉ፤ ይሁንና ከዘራቸውን እያንኳኩ ሲጠጉ ወፉ ሁሉ ጸጥ ይላል፣ ሲርቁ ደግሞ አባቶቹም ልጆቹም በአንድ ላይ ይንጫጫሉ።

«ልጄ፣ እናንተ ቤት ዶሮ ነበር?» አሉኝ።

«አይዋ።»

«ወንዱን ከሴቷ መለየት ታውቂያለሽ?»

ዘንቢሌ ታየኝ። አፌ ግን ቀደመኝ፤ አይዋ።

ፊታቸው በራ። ከእነዚህ ጫጩቶች አንድ ወንድና አንድ ሴት መርጬ ከሰጠኋቸው በዚያች ጁምዓ ራሳቸው በመኪናቸው ቤተ ክርስቲያን እንደሚያደርሱኝ፣ ራሳቸው እንደሚመልሱኝ፣ ልጃቸውም ምንም እንደማትል ቃል ገቡልኝ። የክርስትና ልጄ ዕጣ በአንዲት የጥቁር ምንቃር ወፍ ጾታ ላይ ተንጠለጠለ።

ወደ ሰናይት ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል ደረጃ ወጣሁ ማለቴ ነው። ሰናይት የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ናት፣ የሆሳዕና ልጅ፣ ጴንጤ። ልብስ ለማስጣት ጣሪያ ላይ ስንወጣ በሁለቱ ጣሪያ መካከል እንጨዋወታለን። የሃይማኖት ክርክራችንን የሰማ የሁለቱም ቤት አንሶላ ነው። የሆነውን ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀችና፣ መጨረሻ ላይ «ዝም ብለሽ ጠባያቸውን አጥኚ» አለችኝ።

አጠናሁ። ጥናቴ እንዲህ ነበር፤ እህል በልቶ ገለባውን በትኖ የሚሄድ ወንድ ነው፣ ሲያበቃ ዙሪያውን የምትለቃቅም ሴት ናት። ይህን ጥበብ ከወፍ አላገኘሁትም፣ ካገለገልኩበት የምግብ ጠረጴዛ እንጂ። የለየሁትን እንዳላምታታ ደግሞ ከማዳም የስፌት ሣጥን ክር ወስጄ ለወንዶቹ ሰማያዊ፣ ለሴቶቹ ቀይ እግራቸው ላይ አሰርኩ። ሰናይት ከጣሪያዋ ቁልቁል አየችና በሙስሊም ቤት ለተፈለፈሉ ወፎች ማተብ ማሰሬን ለሰፈሩ ሁሉ አወጀች። የእነሱ እምነት ክር ሳይሆን ልብ እንደሚያይ አስረዳችኝ። እንግዲያው ልባቸውን አይተሽ ወንድና ሴቱን ንገሪኝ አልኳት፤ ለጊዜው አልተገለጠላትም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የእኔው ግን አለመፈታቱ ነው ጉድ ያመጣው። በማግሥቱ አንዷ ቀይ ክሯ ከጎጆው ገመድ ጋር ተጠላልፎ ተዘቅዝቃ ተንጠልጥላ አገኘኋት። ያን ቀን የደነገጥኩትን ድንጋጤ ባሕሩ ውስጥም አልደነገጥኩም። እመቤቴን እየጠራሁ በጥፍር መቁረጫ ክሩን በጠስኩላት። እጄ ላይ ትንሽ ተኝታ፣ ተንፍሳ፣ ተነሥታ በረረች። በዚያች ደቂቃ ጥንድም፣ ጁምዓም ትዝ አላለኝም፤ መትረፏ ብቻ በቃኝ።

ከዚያ የሁሉንም ክር ልፈታ ገባሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እንዲህ ነው። ወፍ ሲታሰር እህል ላይ ተጎንብሶ ነበር፤ ሲፈታ ግን ያውቀኛል። በሻሼ እያሳደድኩ አንዱን ስይዝ ሌላው በክርኔ ሥር ሾልኮ በሩን አልፎ ወጣ። በማድቤት ገባ፣ ከማድቤት ሳሎን ገባ። ሳሎን ውስጥ ማዳም የሥራ ባልደረቦቿን ጋብዛለች። ሰማያዊ ክር ያሰረው ወፌ አምፖሉ ጌጥ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና ወደ እንግዶቹ ተመለከተ። ቀጥሎ ከላይ ስለወረደው ነገርና ስላረፈበት ኬክ ባልናገር ይሻላል። ማዳም በአጭሩ ኢንሻአላህ ዐይን አየችኝ።

ያዳኑኝ ባባ ከቢር ናቸው። መብራቱን አስጠፍተው፣ መጋረጃውን አስዘግተው፣ ወንበር አስመጥተው፣ የራስ ሻርባቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ወፉን አነሡት። የሻይ ብርጭቆ ሲይዙ የሚንቀጠቀጠው እጃቸው ወፍ ሲይዝ አይንቀጠቀጥም። «አትያዢው፤ እጅሽን ቤት አድርጊለት» አሉኝ። ስለ ክሩ አልጠየቁኝም። ከወፉ እግር የፈቱትን ሰማያዊ ክር ኪሳቸው ከተው ሄዱ። እኔም ወንድ ይሁኑ ሴት የማላውቃቸው፣ ክር የሌላቸው አመድ ወፎች መካከል ቀረሁ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ሰናይት አንሶላ እየዘረጋች የጽጌ ልጅ ክርስትና መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኳት፤ ወንድ ብትሆን ኖሮ ይኼኔ ደርሶ ነበር፣ አርባው ሞልቷል። ይህን እያልኩ ቁልቁል ወደ ወፎቹ ቤት ሳይ አንዱ ጫጩት ጉንጩ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ብርቱካንማ ነገር በርታለች። ሌላም አየሁ። ሌላም። የልብስ መቆንጠጫው ከእጄ ወደቀ። ጫጩቶቹና የጽጌ ልጅ እኩያ ናቸው፤ በአንድ ሳምንት ነው ዓለምን ያዩት። አባቶቻችን አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ ሲሉ ለወፍም ጭምር ኖሯል የተናገሩት። ወንዱ በአርባው ራሱን ገለጠ።

ሰናይት ጥቅስ አምጪ አለችኝ። ጥቅሱ ይኸው ጉንጩ ላይ አልኳት።

እንደ ሊቅ ራሴን ነቅንቄ ወረድኩ። ጉንጩ የቀላውን አንዱን ወሰድኩ፤ ምንም ምልክት ካላሳዩት መካከል ደግሞ አንዷን ወሰድኩ። አርባ ሞልቶ ያልተገለጠ ሁሉ ሴት ነው ብዬ ፈረድኩ። ባባ ከቢር ጥንዱን ትንሽ ጎጆ ውስጥ አስገብተው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ አቡ ፈሃድ ሄዱ። ማታ ሲመለሱ እያፏጩ ነበር። ለጽጌ ደውዬ መምጣቴ እርግጥ ነው አልኳት። ነጭ ቀሚሴን አውጥቼ ተኮስኩ።

ቀኑ ሳይታወቀኝ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ እየሠራሁ ሳለ ባባ ከቢር ማድቤት ገቡና ያቺን ትንሽ ጎጆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ውስጧ ሁለት ወፎች አሉ፤ ሁለቱም ጉንጫቸውን ተቀብተዋል። ዲዋኒያው ሰው ጢም ብሎ ሳለ አንዱ ሲዘምር ሌላው ተቀብሎ ዘመረ አሉኝ፤ ከዚያም ተፋለሙ። የሳቁ ድምፅ ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል።

«ልጄ፣ ይህቺ ሴትሽ ጢም አወጣች» አሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጁምዓዬ ጥንድ ሲገኝ እንደሆነ ብቻ ነግረውኝ በከዘራቸው እየተደገፉ ወጡ። ሽንኩርት መክተፍ ጥቅሙ ያን ጊዜ ነው፤ ለምን ታለቅሻለሽ የሚል አይኖርም። የምሳውንም የእራቱንም፣ የማግሥቱንም ሽንኩርት ከተፍኩ። ነጩን ቀሚስ ወደ ሻንጣዬ መለስኩት።

ጣሪያ ላይ ስወጣ ሰናይት እንደምትስቅብኝ አውቄ ፊቴን አዙሬ ነበር ልብሱን የማሰጣው። አልሳቀችም። የሆነውን ሁሉ ቀስ ብላ አስነገረችኝ። ከዚያ ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«እህቴ፣ አንቺ እኮ ለወንዱ አርባውን ሰጥተሽ ሴቷን ሰማንያዋን ከለከልሻት።»

አስቡት እንግዲህ፤ ክር ላይ፣ ጾም ላይ፣ ታቦት ላይ ስትከራከረኝ የከረመች ጴንጤ የኔን ሥርዓት ለኔው ተረጎመችልኝ። አርባ ላይ የተገለጠው ወንድ መሆኑ እውነት ነው። ያልተገለጠው ግን ሴት ነው ማለት አይደለም፤ ዘግይቶ የሚነቃም ወንድ አለ። ወንድነት ራሱን ያሳያል፣ ሴትነት ግን ሰማንያው ሳይሞላ አይታመንም። ሰናይት ይህን ካለችኝ በኋላ በቤት ጸሎታቸው ላይ ጁምዓ እንዲፈቀድልኝ ስሜን እንዳነሡ ጨመረችልኝ። ወፉንም አነሣችሁ ወይ አልኳት። ወፉንም አለችኝ። እኔ ለእሷ እንዲህ አድርጌላት አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስሟን ሳልጠራ ጸልዬ አላድርም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ መጠበቅ ነው። ከባድ ሥራ ነው፤ ምንጣፍ ማጠብ ይቀለኛል። በወፎቹ ቤት አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር አንዷን መርጬ ልሩጥ ልሩጥ ይለኛል፤ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ራሴን እይዛለሁ፣ ከወፍ ፊት ከዚህ የሚስማማ ተረት የለም። እንዳለችውም፣ ሴት ናቸው ብዬ ከማልኩባቸው መካከል ቀስ በቀስ ሌሎችም ጉንጫቸው ቀላ። ሁሉም ምንቃር ጥቁረቱን ትቶ ቀላ። ሰማንያው ሲደርስ ምንቃራቸው ቀልቶ፣ ጉንጫቸው ግን አመድ ሆኖ የቀሩ ጥቂቶች ነበሩ። ከእነሱ አንዷን እጄን ቤት አድርጌ ወሰድኳት። ተዘቅዝቃ የነበረችው ትሁን አትሁን አላውቅም፤ ናት ብዬ ግን አምናለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት እሷንና ጉንጩ የቀላ አንድ ወንድ ጎጆው ውስጥ አድርጌ ለባባ ከቢር አቀረብኩ። ሊያምኑኝ አልፈለጉም፤ እውነታቸውን ነው። ሴት መሆኗን በምን እንዳወቅሁ ጠየቁኝ። በእናቴ አልማልኩም፣ አይዋም አላልኩም። ሰማንያ ሞላት አልኳቸው፤ በሰባራ ዐረብኛዬም የአርባውንና የሰማንያውን ነገር፣ የጽጌን ልጅ፣ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ጢማቸውን እየዳሰሱ አዳመጡኝ።

«እኛ ጋ ልጅ ሲወለድ ለወንድ ሁለት በግ ይታረዳል፣ ለሴት አንድ» አሉ። «እናንተ ደግሞ ለሴት እጥፍ ትጠብቃላችሁ።»

ጥቂት አሰቡና ጠዋት እንደምንሄድ፣ ወፎቹም አብረውን እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ መልስ ጥንዱን ለአቡ ፈሃድ ያደርሳሉ። እስከዚያ ሁለተኛዋ አፏን ከፍታ ከዘመረች ግን፣ አሉና ቀሪውን ዋጡት። ማዳም አፏን ልትከፍት ስትል አባቷ ቀደሟት፤ እሳቸው ኢንሻአላህ ብለዋል፣ ያለቀ ነገር ነው። ማዳም ወደ እኔ አየች፤ ማታ ከራሷ ቁም ሣጥን ነጭ ነጠላ የመሰለ ሻርብ አምጥታ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። 

ጠዋት መኪናው ውስጥ ጎጆዋን ታቅፌ ገባሁ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ እኚህ ሰው የወፍ ጉንጭ አይለዩም ስንል ከርመን አሁን መሪ ሊይዙ ነው። ከሱራ እስከ ከተማው ድረስ የጸለይኩትን ቅዳሴው ውስጥ አልጸለይኩም። መብራት ጋ ስንደርስ ቀስ ብለው «ቀይ ነው?» ይሉኛል። ቀለም መለየት በወፍ ተምሬ በመኪና ተፈተንኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሰዎቻችን ጫማቸውን ሲያወልቁ ባባ ከቢር አይተው ገረማቸው፤ እናንተም ታወልቃላችሁ ወይ አሉኝ። ወንበር ተሰጥቷቸው ጥላ ሥር፣ ከጫማው ክምር አጠገብ፣ ጎጆዋን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ገባሁ። ልጅቱ ውሃ ሲነካት ጮኸች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ወለተ ማርያም ተባለች። ማተቧ ታስሮላት ከካህኑ እጅ ስቀበላት ክብደቷ እጄ ላይ ሲያርፍ፣ በሕይወቴ የያዝኩት ዕቃ ሁሉ የሰው እንደነበረና ይህቺ ግን የኔም እንደሆነች ተሰማኝ። እጄን ቤት አደረግሁላት።

ስንወጣ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ከበቡን፤ ሆስፒታሉ የከለከላቸውን እልልታ አልረሱም። የመጀመሪያው እልልታ ሲነሣ በባባ ከቢር ጉልበት ላይ ያለው ወንዱ ወፍ አንገቱን ሰግጎ ዘመረ። ባባ ከቢር እጃቸውን አነሡና ጆሯቸውን ወደ ጎጆዋ አስጠጉ። እኔ ልጅቱን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ሁለተኛው እልልታ፤ ወንዱ ዘመረ። ሦስተኛው፤ ወንዱ ዘመረ። ያቺ አመዷ ራሷን ዘንበል አድርጋ ሴቶቹን ታያለች፣ ትንፍሽ የለም። ከዚያ እልልታው አቆመ።

«ለምን አቆሙ?» አሉኝ ባባ ከቢር።

ለሴት ሦስት እንደሆነ ነገርኳቸው። ለወንድስ ሲሉኝ ሰባት አልኳቸው። ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«በቀን እጥፍ የሰጣችኋትን በእልልታ ትነጥቋታላችሁ?»

ዐረብኛ የሚሰሙት ሴቶች ለማይሰሙት ተረጎሙ። ሳቅ ሆነ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ጽጌ ናት የተናገረችው፤ እውነታቸውን ነው፣ አራት ጨምሩላት አለች። ያ ሁሉ ሴት፣ ግማሹ በስንት ልመና ከየቤቱ የወጣ፣ ጉሮሮውን ከፍቶ አራቱን ጨመረላት። በየእልልታው ወንዱ ዘመረ። ሰባቱ ሲሞላ አመዷ አሁንም ጭጭ እንዳለች ናት። ዝም አይነቅዝም የሚሉት እውነት ነው፤ እኔን ከሰው ፊት ያቆመችኝ አንዲት ዝምተኛ ወፍ ናት።

ባባ ከቢር ጆሯቸውን ከጎጆዋ አንሥተው «ሴት ናት» አሉ። ከወንበራቸው ተነሥተው ልጅቱ ግንባር ላይ እጃቸውን አኖሩላት፤ መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ አሏት።

ያ ጥንድ አቡ ፈሃድ ቤት ዕንቁላል መጣሉን፣ ዲዋኒያው ውስጥም የሚሳቀው በራይ ወፍ ሻጭ ብቻ መሆኑን በኋላ ሰምቻለሁ። እኔ የማመሰግነው ብዙ ነው፤ አምላክ ሳይደግስ አይጣላም። ወንድ ብትሆን ኖሮ አርባው ከወፎቹ ጋር ያመልጠኝ ነበር፤ ሴት ሆና እጥፍ ጊዜ ሰጠችኝ። ስልክ ስደውልላት «እማዬ» ትለኛለች። አባባሏ ጽጌን እንደምትጠራት ነው፤ ጽጌም አትቀናም።

ያን ጁምዓ ስንመለስ እቅፌ ባዶ ነበር፣ ጎጆዋ አቡ ፈሃድ ቤት ቀርታለች። ባባ ከቢር ጥቂት ነዱና ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ መኪና መንዳት ታውቂያለሽ?»

አይዋ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። መለስኳት። «ላ» አልኩ፤ አላውቅም ማለቴ ነው፣ በዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ። ከልባቸው ሳቁ፣ ቀስ ብለውም ነዱ። በየመብራቱ ሲደርሱ ቀለሙን ይጠይቁኛል፤ እኔም መጀመሪያ አያለሁ፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ።